መርከቡ እስኪመጣ

በ1943 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ከምናምን ሲቀረው፣ ከክብር ዘበኛ የተመረጡ ከ1,100 በላይ መኮንኖችና ወታደሮች ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። የሚዘምቱት ወደ ኮሪያ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የዚያን አገር ስም የሰማ ከመካከላቸው ስንቱ ነበር? ስለ ዓድዋ፣ ስለ ማይጨውና ስለ አምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ሲሰማ ያደገ ወታደር፣ ጦርነት ማለት ጠላት ደጅ ድረስ ሲመጣ የሚገጠም ነገር እንደሆነ ነው የሚያውቀው። ባሕር ተሻግሮ፣ ስለ ሌላ ሰው አገር፣ አይቶት ከማያውቅ ጠላት ጋር ሊዋጋ መሄድ ለአባቶቹም ለእሱም አዲስ ነበር።

የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን የኬክሮስ መስመር ጥሶ ወደ ደቡብ የገባው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አባል አገሮች ደቡብ ኮሪያን እንዲረዱ ጠየቀ። ጃንሆይ ጥሪውን እንዲቀበሉ ያደረጋቸው ምክንያት ከኮሪያ ይልቅ ከጄኔቫ የመጣ ይመስለኛል። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው አገራቸው ስትወረር ማኅበሩ ዝም ማለቱን ከስሰው ነበር፤ ያኔ የደረሰላቸው አልነበረም። ከ14 ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ በሌላ አገር ስም ሲመጣ እምቢ ቢሉ የገዛ ንግግራቸውን ማፍረስ ይሆንባቸዋል። በእርግጥ ሌላም ስሌት ነበር። የአሜሪካን ወዳጅነትና የጦር መሣሪያ እርዳታ፣ እንዲሁም በዚያው ሰሞን በተባበሩት መንግሥታት እጅ የነበረውን የኤርትራን ጉዳይ የሚያስብ ሰው ይህን አይስተውም።

ጦሩን የመምረጡና የማሠልጠኑ ሥራ ለክብር ዘበኛ አዛዥ ለብርጋዴር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ተሰጠ። ወታደሮቹ ኮሪያ ተራራማ ናት ስለተባለ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ለወራት ሲወጡና ሲወርዱ ከረሙ። የዘማቹ ጦር የበላይ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የሻለቃው አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ሆኑ። ለሻለቃው የተሰጠው ስም «ቃኘው» ነው፤ አባ ቃኘው የጃንሆይ አባት የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነበር። በሽኝቱ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ለሻለቃው ሰንደቅ ዓላማ አስረክበው በድል ይዘውት እንዲመለሱ አዘዙ። ተከታዮቹ ሻለቆችም ሲሄዱ እንዲሁ ተሸኙ። ወታደር መመለሱን በልቡ ይመኛል እንጂ ብዙ ጊዜ አይታዘዝበትም። ቃኘው ግን መመለስም ከግዳጁ ተቆጥሮለት ነው የወጣው።

ጅቡቲ ላይ ጄኔራል ማክሬ የተባለ የአሜሪካ የጦር ማመላለሻ መርከብ ተቀበላቸው። ሚያዝያ 8 ቀን ተነሡ። ከደጋ የወጣ፣ ትልቅ ውኃ ሲባል የሚያውቀው ወይ ጣናን ወይ ዝዋይን የሆነ ሰው፣ በቀይ ባሕር ሙቀት አልፎ የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል ሲያንገላታው ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሆሳዕና በባሕር ላይ ዋለ፤ ሕማማትም በባሕር ላይ አለፈ። ፋሲካ ሚያዝያ 21 ቀን ሲሆን አገር ቤት በየቤቱ ዶሮ ወጥ ሲሸት ያደረበትን ሌሊት እነሱ ዙሪያውን ውኃ ብቻ በሆነበት ስፍራ አነጉት። ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 28 ቀን፣ መርከቡ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ራሳቸው ወጥተው ተቀበሏቸው።

ይዘውት የመጡትን ጠመንጃ አስቀምጠው በአሜሪካ መሣሪያ እንደገና ሠለጠኑ። ከዚያም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ለ32ኛው ሬጅመንት ተመደቡ። ወደ ግንባር የወጡት በነሐሴ መግቢያ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር አለ። ሐምሌ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. ኬሶንግ በምትባል ከተማ ሁለቱ ወገኖች ለተኩስ አቁም ድርድር ተቀምጠው ነበር። ቃኘው የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሰው ከዚያ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ነው። ማለትም ኢትዮጵያውያኑ ኮሪያ ውስጥ የተዋጉት ጦርነት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ «ሊያልቅ ነው» ሲባልለት የነበረ ጦርነት ነው። ድርድሩ ይቋረጣል፣ ይቀጥላል፣ ቦታ ይቀይራል፣ ወደ ፓንሙንጆም ይዛወራል፤ ወታደሩ ግን በየኮረብታው ላይ ይሞታል። የግንባሩ መስመር በዚያ ሁሉ ጊዜ ብዙም ፈቀቅ አላለም። አንዱ ኮረብታ ይያዛል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይያዛል። ሰላሙ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲያ በድንኳን ውስጥ እየተዶለተ እሱ ምሽግ የሚቆፍር ሰው፣ የመመለሱ ተስፋ በጣም የቀረበም በጣም የራቀም ይሆንበታል።

የ1944 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን፣ መስቀል ሳይደርስ፣ አንደኛው ቃኘው ሳምህዮን በሚባል ስፍራ አካባቢ ከባድ ውጊያ ገጠመ። ለዚያ ውጊያ ሻለቃው በሙሉ የአሜሪካ መንግሥት የጀግንነት ምስክር ተሸለመ። ስማቸው በጓዶቻቸው ዘንድ የታወቀው ግን በሽልማቱ ብቻ አልነበረም። የሌሊት ቅኝት የሚችሉ፣ ጨለማውን የማይፈሩ፣ ቁስለኛቸውንና አስከሬናቸውን በጠላት መሬት ጥለው የማይመለሱ ተባሉ። ይህ የመጨረሻው በጦር ሜዳ ከሁሉ የሚከብደው ነው። አንድ የሞተ ሰው ለማምጣት ሁለት በሕይወት ያሉ ሰዎች ሊሞቱ ይችላሉ፤ አዛዥም ይህን ያውቃል። ቢሆንም አመጧቸው።

ክረምቱ መጣ። የእኛ አገር ክረምት ዝናብ ነው፤ የኮሪያው በረዶ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ በተራሮቹ ራስ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይደርሳል። የሰሜንን ወይም የጉናን ቁር የሚያውቅ ደገኛ እንኳ እንዲህ ያለውን አያውቀውም። የጠመንጃ ብረት በባዶ እጅ ሲነካ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል፤ በኮዳ ያለ ውኃ በረዶ ይሆናል። የአሜሪካ ጦር ለብርዱ ያወጣው ድርብ የጎማ ጫማ ነበረ፤ ከመተለቁ የተነሣ ወታደሩ በካርቱኑ አይጥ ስም «ሚኪ ማውስ» ይለዋል። የገና በዓል የመጣው በዚህ መሐል ነው። እንጀራ የለም፤ ያለው የታሸገ ሥጋና ኮቾሮ፣ በደህና ቀን ደግሞ ከወጥ ቤት የመጣ ትኩስ ምግብ ነው።

አገር ቤት የሚደርሰው ወሬ ደብዳቤ ነው። የአማርኛ ደብዳቤ ያን ዘመን ወጉ የታወቀ ነው፤ ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ ብሎ ይጀምራል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ ይላል፣ ከዚያ የዘመድ አዝማዱን፣ የጎረቤቱን፣ የክርስትና አባቱን ስም እየጠራ ሰላምታ ያስተላልፋል፤ ወረቀቱ ያልቃል። ስለ ውጊያው የሚቀረው ቦታ ትንሽ ነው። እናትም ከዚያ ሁሉ መስመር የምትፈልገው «ደኅና ነኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ደብዳቤ ሲዘገይ የሚሰጋው ሌላ ነገር ነው። መርዶ በአገራችን ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ዘማች ያለበት ቤት ጎሕ ሲቀድ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል።

በመጋቢት 1944 ዓ.ም. በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የሚመራው ሁለተኛው ቃኘው ፑሳን ደረሰ፤ አንደኛው ለመመለስ ተነሣ። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ አንዱ ሻለቃ ዓመት ያህል ይቆያል፣ ተተኪው ሲመጣ ይመለሳል። ስለዚህ ወታደሩ የሚመለስበትን ቀን ቁርጡን ባያውቅም የሚመለስበትን ወቅት ያውቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ ዘመቻ ሰውን ይጨርሳል፤ ልክ ያለው ግን ሲጠብቁት ይገፋል። ደስ የማይለው ወገን ደግሞ አለ። የመመለሻው ወር በቀረበ ቁጥር ወታደር ይጠነቀቃል፣ ይሰጋል። በመጀመሪያው ወር ሳይፈራ የወጣበትን የሌሊት ቅኝት በመጨረሻው ወር ሲወጣ ልቡ ይከፈላል። ይህ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ግንባር የነበረ የማንም አገር ወታደር ይህን ያውቀዋል።

የአንደኛው ቃኘው መመለስ በአዲስ አበባ ታላቅ በዓል ሆነ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ በረሃውን አቋርጦ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሲመጣ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ሲመጣ፣ ዘማቹ ቤቱ እንደደረሰ የሚያውቀው ገና ለገሃር ሳይታይ ነው። ወደ ሠፈራቸው የተመለሱት ግን እንደ ሄዱት ሆነው አልነበረም። አሜሪካኖችን፣ ቱርኮችን፣ ግሪኮችን፣ ታይላንዶችን አይተዋል፤ ከግንባር ለጥቂት ቀን ዕረፍት ወደ ጃፓን የተሻገረም አለ። በየምሽቱ የሚወራው ወሬ ለሚቀጥለው ዘማች ትምህርት ሆነ። ሁለተኛው ሻለቃ በጥቅምት 1945 ዓ.ም. የብረት ሦስት ማዕዘን በሚባለው ቀጠና የትራያንግል ኮረብታ ውጊያ ሲፋፋም እዚያው ነበር። እሱም ዓመቱን ጨርሶ ተራውን ጠበቀ።

ሦስተኛው ቃኘው ሚያዝያ 8 ቀን 1945 ዓ.ም. ፑሳን ወረደ። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ነበሩ። ከሦስቱ የውጊያ ዘመን ሻለቆች የዚህኛው ታሪክ ከሁሉ ይደንቀኛል። ሲደርስ ጦርነቱ በመጨረሻው ጉሮሮው ላይ ነበር። ስታሊን በየካቲት መጨረሻ ሞቷል፤ በፓንሙንጆም የታመሙና የቆሰሉ ምርኮኞች መለዋወጥ በዚያው ሚያዝያ ተጀምሯል። ማንም ሰው ነገሩ የሳምንታት ጉዳይ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይህ በሚባልበት ሰዓት ግን ሁለቱም ወገን ድርድሩ ሳይዘጋ የተሻለ ኮረብታ ለመያዝ ይጣደፍ ነበር። ፖርክ ቾፕ ተብሎ የሚጠራው ኮረብታ ዝነኛ የሆነው በዚህ ጥድፊያ ነው፤ ከወታደራዊ ጥቅሙ ይልቅ ለድርድሩ ጠረጴዛ ክብር የፈሰሰበት ደም ይበልጣል።

ኢትዮጵያውያኑ የያዙት ቀጠና ከፖርክ ቾፕ ብዙም አይርቅም። ከዋናው ምሽግ ፊት ለፊት ዮክና አንክል የሚባሉ ሁለት የዘብ ኮረብታዎች ነበሩ። ግንቦት 11 ለ12 አጥቢያ ከሰሜን ኮሪያ ጎን የተሰለፉት ቻይናውያን ሌሊቱን ወደዚያ ብዙ ጦር አወጡ። ከኮረብታዎቹ በታች በሸለቆው ውስጥ የኢትዮጵያውያን የቅኝት ቡድኖች አስቀድመው ወጥተው አድፍጠው ነበር። ጨለማ ነው፤ ሰው የሚለየው በድምፅና በኮቴ ነው። የጠላት ጦር መሐል ለመሐል ሲያልፍ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ትንፋሽን ውጦ መጠበቅ፣ ከዚያም የመድፍ ተኩስ ወደ ራስ አጠገብ በሬዲዮ ጠርቶ በእሳቱ መሐል መዋጋት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የነበረበት ሰው ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን ሁለተኛ መቶ አለቃ ማሞ ሀብተወልድ የመሩት የቅኝት ቡድን በቁጥር እጅግ በሚበልጥ የቻይና ጦር ተከበበ። የሞተው ሞተ፣ የተረፈው ቆሰለ፣ እሳቸውም ቆሰሉ፤ እጅ የሰጠ ግን አልነበረም። ማሞ በኋላ በከፍተኛ የጀግንነት ሜዳልያ ተሸለሙ።

ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ በዚያ ወቅት ግንባሩ ላይ ነበር። ከውጊያ የተመለሱትን ሰዎች ወዲያውኑ እያስቀመጠ የመጠየቅ ልማድ ነበረው። ከሦስት ዓመት በኋላ «ፖርክ ቾፕ ሂል» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለኢትዮጵያውያኑ የሌሊት ውጊያ ምዕራፎች ሰጠ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ እኛ ራሳችን ስለ እነሱ ከጻፍነው ሁሉ ይበልጥ የዚያን ሌሊት ዝርዝር ያስቀረልን ይህ ባዕድ ነው። ይህ አንድ ወቀሳ ይገባዋል፤ ለማርሻል ሳይሆን ለእኛ።

ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ፓንሙንጆም ውስጥ ፊርማው ተፈረመ። ተኩሱ የሚቆመው ግን ወዲያው አልነበረም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው የተባለው። በመሐሉ 12 ሰዓት አለ። ያን ዕለት በግንባሩ ላይ የነበረ ሰው፣ ጦርነቱ አልቋል ተብሎ ተነግሮት፣ ጦርነቱ ባላለቀበት በዚያ 12 ሰዓት ውስጥ ነው የዋለው። መድፉ እስከ ማታ ድረስ ተተኮሰ፤ የተጫነውን ጥይት መልሶ ከማጓጓዝ መተኮሱን የመረጠም ነበር ይባላል። እንዲህ ባለ ቀን ከምሽግ አንገቱን ብቅ የሚያደርግ ማን ነው? በሦስቱ ዓመት ከታዩት ረጃጅም ቀናት አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆነ፤ ሸለቆው ጸጥ አለ። በስምምነቱ መሠረት ሁለቱም ወገን በ72 ሰዓት ውስጥ ከግንባሩ መስመር ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መሸሽ ነበረበት። ስለዚህ ሰላም የመጣበት የመጀመሪያ ሥራ ማፍረስ ሆነ። ለወራት የቆፈሩት ምሽግ ግንዱ ተነቅሎ፣ ሽቦው ተጠቅልሎ፣ ጥይቱ ተቆጥሮ በሸክምና በመኪና ወደ ኋላ ተወሰደ። የሐምሌ ዝናብ በዚያም አገር ይዘንባል። ጓደኛ የሞተበትን ኮረብታ ጥሎ መውረድ ለወታደር ቀላል አይደለም፤ ጭቃውና ሸክሙ ግን ለማዘኛ ጊዜ የሚሰጡ አልነበሩም።

ቀጥሎ የምርኮኞች ልውውጥ መጣ። ከሐምሌ 29 ቀን እስከ ጳጉሜን 1 ቀን ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በፓንሙንጆም በኩል ተላለፉ፤ አሜሪካዊው፣ እንግሊዛዊው፣ ቱርካዊው ወገኑን በስም እየጠራ ተቀበለ። ኢትዮጵያ የምትቀበለው ሰው አልነበራትም። ከሦስቱ ሻለቆች አንድም ሰው በጠላት እጅ አልወደቀም። በዚያ ልውውጥ ላይ በቃኘው ስም የሚጠራ ሰው አለመኖሩ ከብዙ ሜዳልያ የሚበልጥ ነገር ነው፤ ዋጋው የተከፈለው ግን በሌላ መንገድ ነበር። በኮሪያ የሞቱት ኢትዮጵያውያን ከ120 በላይ፣ የቆሰሉት ከ500 በላይ ናቸው።

እንግዲህ ጦርነቱ አለቀ፣ ምርኮኛው ተመለሰ፣ የ1946 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ሆነ። አሁን የቀረው መሄድ ብቻ ነው። ነገር ግን ሦስተኛው ቃኘው አልሄደም። የተፈረመው የተኩስ አቁም ነው እንጂ የሰላም ውል አልነበረም፤ ነገ ቢፈርስ የሚቆም ጦር ያስፈልጋል። ተተኪው አራተኛው ሻለቃ የደረሰው በዚያው በ1946 ዓ.ም. ውስጥ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ቃኘው ከተዋጋበት ጊዜ የጠበቀበት ጊዜ በለጠ፤ ሦስት ወር ተኩል ያህል ጦርነት፣ ከዚያ ረዥም ሰላም በባዕድ አገር። በውጊያ ጊዜ ቀኑ አይቆጠርም፤ ሌሊቱን ማለፍ ብቻ ነው። ተኩስ ሲቆም ነው የአገር ናፍቆት የሚነሣው። ልምምድ አለ፣ ዘብ አለ፣ የመሣሪያ ፍተሻ አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን መርከቡ መቼ ይመጣል የሚል ጥያቄ አለ። መኮንኑም መልሱን አያውቀውም። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። የበረዶ ክረምት የሚያይ አልመሰለውም ነበር፤ አየው።

በዚህ የጥበቃ ዘመን የተሠራ አንድ ሥራ አለ። ከሶል በስተ ሰሜን ባለችው ዶንግዱቾን ከተማ አጠገብ ወላጆቻቸውን ጦርነቱ የበላባቸው ሕፃናት በየመንገዱ ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ወታደሮች «ቦህዋዎን» የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ከደመወዛቸውና ከስንቃቸው እያካፈሉ ልጆቹን ያሳድጉ ጀመር። በኋላ የመጡትም ሻለቆች ተቀብለው አስቀጠሉት። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ልጅ ጥለው የመጡ ወይም ራሳቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን ልጅ የነበሩ ናቸው፤ በአሥራ ምናምን ዓመት ልዩነት የወላጅ አልባ ልጅ ፊት ሲያዩ ምን እንደሚያስቡ መጠየቅ አያስፈልግም። ስለ ቃኘው ሲነገር 253 ጊዜ ተዋግቶ አንድ ጊዜም አልተሸነፈም የሚለው ይደጋገማል። እኔ ቦህዋዎን ከዚያ ባይበልጥ አያንስም እላለሁ።

መርከቡ መጣ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ፑሳን፣ ውቅያኖሱ፣ ጅቡቲ፣ ባቡሩ። ከእነሱ በኋላ አራተኛውና አምስተኛው ቃኘው በየተራቸው ሄደው ተመለሱ፤ ትንሽ ቡድን ደግሞ እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ በኮሪያ ቆየ። በጠቅላላው ወደ 6,000 ኢትዮጵያውያን ወደዚያ ሄደው ነበር። የሞቱት መጀመሪያ ፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ተቀብረዋል። አሁን እዚያ የኢትዮጵያውያን መቃብር የለም፤ አጽማቸው ወደ አገር ተመልሶ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። በ1943 ለተሰጠው የመመለስ ትእዛዝ ሙታኑም አልቀሩበትም።

ከተመለሱ በኋላ የደረሰባቸው ግን አብዛኛው ለገሃር ላይ ሲጨፈር ማንም ያላሰበው ነው። ክብር ዘበኛ የጃንሆይ ምርጥ ጦር ነበር፤ የኮሪያ ዘማች ደግሞ የምርጦቹ ምርጥ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር ሆነው ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። በጥቂት ቀን ውስጥ የምድር ጦሩና አየር ኃይሉ አከሸፈው። ኮሪያን ያየ ወታደር ከኮሪያ የተረፈበትን ጥይት ከስድስት ኪሎ እስከ ጃንሜዳ ባለው መንገድ ላይ ከራሱ ወገን ተቀበለ። ያንን ጦር መርጠው ያሠለጠኑት ሙሉጌታ ቡሊ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ከተገደሉት ታጋቾች አንዱ ሆኑ። የመጀመሪያው የዘመቻ አዛዥ ከበደ ገብሬ ግን ያን ጊዜ የምድር ጦር አዛዥ ነበሩና ክብር ዘበኛን ካከሸፈው ወገን ቆሙ። መንግሥቱ ነዋይ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ። ክብር ዘበኛ ተበተነ፣ ተመልሶም ሲቋቋም እንደ ቀድሞው አልሆነም። አብረው ከአንድ መርከብ የወረዱ ሰዎች እንዲህ ተለያዩ።

ከበደ ገብሬ ከዚያ በኋላ በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር በአዛዥነት መሩ፣ የመከላከያ ሚኒስትርም ሆኑ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት መካከል አንዱ ነበሩ። ጃንሆይ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያን ሲጎበኙ ጩንቾን ከተማ ለዘማቾቹ የተሠራውን ሐውልት መርቀው ነበር። በኮሪያ ሐውልቱ ቆመ፤ በአገር ቤት ግን «ኮሪያ ዘመትሁ» ማለት የሚያስፈራበት ዘመን መጣ። ደርግ የሰሜን ኮሪያው መሪ የኪም ኢል ሱንግ ወዳጅ ሆነ፤ ቃኘው የተዋጋው ደግሞ ከዚሁ ሰው ወገን ጋር ነው። በ1977 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነው የተሠራው። ዘማቹ ሜዳልያውን ከሣጥን ሥር ቀብሮ፣ በየካ በኩል ኮሪያ ሰፈር ተብሎ ከሚጠራው ሠፈሩ ወጥቶ በጥቁር አንበሳ አጠገብ ሲያልፍ ያንን ሐውልት ያየዋል። ምን እንዳለ ለማንም አልተናገረም፤ ያኔ የሚናገር አልነበረምና።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማኅበራቸው እንደገና ቆመ። ደቡብ ኮሪያም በዚህ መሐል ከእርዳታ ተቀባይ ወደ እርዳታ ሰጪ ተለውጣ የተዋጉላትን ዘማቾች መፈለግ ጀመረች። ለአንዳንዶቹ ሕክምና፣ ለአንዳንዶቹ ድጎማ መጣ፤ አፍንጮ በር ላይ የመታሰቢያ ሐውልትና መናፈሻ ተሠራ፣ የሞቱትም ስማቸው ተጻፈ። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሊ ምዩንግ ባክ፣ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን ሄ አዲስ አበባ መጥተው ዘማቾቹን አገኟቸው። እርዳታው ሲመጣ ግን ብዙዎቹ በዕድሜ ቀድመው ሄደው ነበር። ከቀሩት አንዳንዶቹ በኮሪያ መንግሥት ግብዣ በአውሮፕላን ወደ ሶል ተመለሱ፤ በ1943 ሦስት ሳምንት የፈጀውን መንገድ በአንድ ሌሊት አለፉት። ኮረብታዎቹን ግን ሊያገኟቸው አልቻሉም፤ ብዙዎቹ ዛሬም በሁለቱ ኮሪያዎች መካከል ማንም በማይገባበት ቀጠና ውስጥ ናቸው። በሌላ በኩል የዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች በትምህርት ዕድል ወደ ኮሪያ ይሄዳሉ፣ በጩንቾንም ይማራሉ፤ ለአገር ቤት ደኅና ነኝ የሚሉት አሁን በስልክ ነው።